የማለዳው ቁጥር፦ በአጅባርና በመካነ ሰላም ደጋ የጠዋት ስኳርን በትክክል ለመለካትና ለማንበብ

ማታ 140 ለክቶ የተኛ ሰው ሌሊቱን ምንም ሳይቀምስ አድሮ ጠዋት 185 ሲያይ ይደነግጣል። አንዱ ማሽኑ ተበላሸ ይላል። ሌላው ራሱን ይወቅስና ቁርሱን ይተዋል። ክኒኑን እጥፍ አድርጎ የሚውጥም አለ። ሦስቱም አይበጁም፤ የመጨረሻው ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞንን የመሳሰሉ ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ። ጉበትም ለቀኑ ሥራ ጉልበት እንዲሆን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ጤነኛ ሰው ላይ ቆሽት ኢንሱሊኑን ጨመር አድርጎ ወዲያው ያስተካክለዋል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ኢንሱሊኑ አይበቃውም፣ ወይም ጉበቱ ለኢንሱሊኑ አይታዘዝም፤ ስለዚህ ሳይበላም ስኳሩ ይወጣል። ሐኪሞች ይህን የንጋት ክስተት ይሉታል።

እንግዲህ የጠዋቱ ቁጥር የሚናገረው ስላለፈው ሌሊት ነው፦ እራቱ፣ መድኃኒቱ፣ እንቅልፉና ጉበቱ ምን እንዳደረጉ። ብቻውን ሲታይ ብዙ አይገልጥም። ከማታው ቁጥር፣ አንዳንዴም ከሌሊቱ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን ለሐኪሙም ለታማሚውም መንገድ ያሳያል። የመለኪያ ማሽኑ ስትሪፕ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ በሰው እጅ በሚመጣበት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ይህን ማወቅ ገንዘብም ያድናል፤ ምክንያቱም በጥቂት ስትሪፕ ብዙ ማወቅ ይቻላል።

ማሽኑን ከመግዛት በፊት

ከወሎ ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች ዓረብ አገሮች የሄደ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ልጅ ለእናቷ ከምትልከው ዕቃ መካከል የስኳር መለኪያ ማሽን ይገኝበታል። ደግ ስጦታ ነው፤ ችግሩ የሚመጣው አብሮ የተላከው ስትሪፕ ሲያልቅ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የሚሠራው በራሱ ስትሪፕ ብቻ ስለሆነ ተመሳሳዩ በአካባቢው መድኃኒት ቤት ከሌለ ማሽኑ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ሄደው የትኛው ስትሪፕ ሳይቋረጥ እንደሚመጣ ይጠይቁ፤ ማሽኑን ከዚያ በኋላ ይምረጡ፤ ለላኪዋም ስሙን ይንገሯት።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የመለኪያ አሃዱ ነው። በአገራችን ጤና ተቋማት ስኳር የሚነገረው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ 126፣ 140፣ 200 እየተባለ። ከውጭ የሚመጡ አንዳንድ ማሽኖች ግን በሚሊሞል ስለሚቆጥሩ 7 ወይም 11 ያሳያሉ። 11 ያየ ሰው ስኳሬ ወርዷል ብሎ ማር ቢልስ በተቃራኒው መንገድ መሄዱ ነው፤ 11 ማለት 200 ገደማ ነውና። ቁጥሩን በ18 ሲያባዙት በአገራችን የተለመደውን ያገኛሉ።

ሦስተኛው የቦታው ከፍታና ብርድ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በሳይንትና በቦረና ወረዳዎች ከዚያ እጅግ ከፍ ያሉ መንደሮችም አሉ። ብዙ ማሽኖች በመመሪያ ወረቀታቸው እስከ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታና ከ10 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት እንዲሠሩ ተብሎ ተጽፏል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ማሽኑ መስኮት ሥር ካደረ ጠዋት አልሠራም ሊል ወይም የተዛባ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ከመኝታው አጠገብ፣ ብርድ በማያገኘው ቦታ ያሳድሩት። ወደ ምድጃ ግን አያስጠጉት።

የስትሪፑ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ነገር አለ። አንዱን አውጥተው ወዲያው ይክደኑት። ስትሪፖቹን ለማካፈል በፌስታል ወይም በወረቀት መጠቅለል የተለመደ ነው፤ ይህ ግን ያበላሻቸዋል። ጠርሙሱን የከፈቱበትን ቀን ላዩ ላይ ይጻፉ፤ አብዛኞቹ ከተከፈቱ በኋላ የሚያገለግሉት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነውና መመሪያውን ያንብቡ ወይም ያስነብቡ።

ልኬቱ ከማታው ይጀምራል

ነገ ጠዋት ሊለኩ ካሰቡ ዛሬ ማታ የተለየ ነገር አያድርጉ። ቁጥሩ እንዲያምር ብሎ እራት መተው ልኬቱን ዋጋ ያሳጣዋል፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደጋ ነው። የወትሮውን ይብሉ፤ የበሉትንና ሰዓቱን ይያዙ። ከእራት በኋላ ከውሃ በቀር ምንም ሳይበሉና ሳይጠጡ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ይለፉ። ማታ 3 ሰዓት ላይ የበላ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ቢለካ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖታል ማለት ነው።

ጠላና አረቄ ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። ጉበት አልኮሉን በማስወገድ ሲጠመድ ስኳር መልቀቁን ይቀንሳል፤ መድኃኒት የወሰደ ሰው ሳይበላ ጠጥቶ ቢተኛ ሌሊት ስኳሩ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል። ቤተሰቡ ሰክሮ ነው ብሎ ዝም ሲል ጊዜ ያልፋል። ከማኅበርና ከድግስ ማግስት የተለኩትን ቁጥር ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል ምልክት ያድርጉበት።

ጠዋት፣ ከአልጋ እንደተነሱ

የሚለካው ወዲያው እንደተነሱ ነው፤ ከቡና በፊት፣ ከመድኃኒት በፊት፣ ከብት ከመልቀቅና ውሃ ከመቅዳት በፊት። ቅዳሴ አስቀድሶ ወይም ገበያ ደርሶ ከተመለሱ በኋላ የሚለካው ስኳር ሆድ ባዶ ቢሆንም የማለዳው ልኬት አይደለም። እግር ከሄደ ጡንቻ ስኳር ይበላል፤ ጾሙ ከረዘመ ደግሞ ጉበት ይጨምራል። አንድ ቀን እንደተነሱ፣ ሌላ ቀን ረፋድ ላይ የለካ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር አይችልም።

እጅዎን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ። ይህን እርምጃ መዝለል የለብዎትም። የሚለካው ደም የጤፍ ፍሬ የምታክል ጠብታ ስለሆነች ጣት ላይ የቀረ እጅግ ጥቂት ስኳር ያዛባታል። ማታ ለልጆች ሻይ ያጣፈጠች፣ ማር የቆረጠች ወይም ብርቱካን የላጠች እናት እጇን ሳትታጠብ ብትለካ 120 የነበረው ስኳሯ ከ200 በላይ ሆኖ ሊታያት ይችላል። በአልኮል መጥረግ መታጠብን አይተካም፤ ውሃ ከሌለና አልኮል ከተጠቀሙ በደንብ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ለብ ያለ ውሃ ሌላም ጥቅም አለው፦ በብርድ የደነዘዘ ጣት ደም አይሰጥም።

እጅዎን በደንብ ያድርቁ። ክንድዎን ወደ ታች ለቀቅ አድርገው ትንሽ ያወዛውዙ። የሚወጋው የጣት ጫፍ መሐሉ ሳይሆን ጎኑ ነው፤ እዚያ ሕመሙ ያንሳል። የመሐል ጣትን፣ የቀለበት ጣትን ወይም ትንሿን ጣት እያፈራረቁ ይጠቀሙ፤ አውራ ጣትና ጠቋሚ ለሥራ ይትረፉ። በማጭድና በሞፈር የጠነከረ ጣት ጠለቅ ያለ ውጊያ ሊፈልግ ስለሚችል የመውጊያውን መጠን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ። ደም እንቢ ሲል ጣትን አጥብቆ መጭመቅ ግን አይበጅም፤ ከሥጋው የሚወጣ ፈሳሽ ከደሙ ጋር ተቀላቅሎ ቁጥሩን ያሳስታል። ከመዳፍ ወደ ጣት ቀስ አድርጎ ማሸት ይበቃል።

መውጊያው መርፌ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ባልና ሚስትም ቢሆኑ፣ እናትና ልጅም ቢሆኑ አይጋሩትም። ሄፓታይተስ ቢና ኤች አይ ቪ በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። ያገለገለውን ጠንካራ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅመው ወደ ጤና ጣቢያ ይመልሱት፤ ሜዳ ላይ የተጣለ መርፌ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃን ይወጋል።

ቁጥሩን ወዲያው ይጻፉ። አንድ የልጆች ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የማታ እራት፣ የወሰዱት መድኃኒት፣ ያጋጠመ ለየት ያለ ነገር። ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘን፣ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የታዘዘ ፕሬድኒሶሎን ሁሉም ስኳር ከፍ ያደርጋሉ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር “ጠዋት 12” ወይም “ሌሊት 9” ብለው ይጻፉት። ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሞላ ማስታወሻው ላይ 3፡00 የሚለው ሌሊት 9 ሰዓት ይሁን ጠዋት 3 ሰዓት ለነርሷ ግራ ይሆናል። ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች ይህን ሥራ የሚይዝ አንድ ተማሪ ልጅ ቢመደብ መልካም ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ለአብዛኞቹ ነፍሰ ጡር ያልሆኑ አዋቂ ታማሚዎች በባዶ ሆድ የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 ነው። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው ወይም ስኳራቸው ደጋግሞ ለሚወርድ ሰዎች ሐኪሙ ከዚህ ላላ ያለ ግብ ሊሰጥ ይችላል፤ ያንን ግብ ጠይቀው ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት። ከ70 በታች ወርዷል ይባላል። ከ54 በታች ከሆነ አጣዳፊ ነው።

የቤት ማሽን እንደ ሚዛን ድንጋይ የጸና አይደለም። ዓለም አቀፉ መስፈርት ከ100 በላይ ለሆኑ ቁጥሮች በመቶ 15 ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዛነፍን ይፈቅዳል። እውነተኛው ስኳር 150 ሆኖ ማሽኑ 130 ወይም 170 ቢያሳይ ተበላሸ አይባልም። በትናንት 148 እና በዛሬ 161 መካከል ትርጉም ለመፈለግ መጨነቅ አያስፈልግም። ደም ማነስ ያለበት ሰው ማሽን ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳየው እንደሚችልም ማወቅ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጠዋት ጠዋት ስኳርዎ ከግቡ በላይ ሆኖ ካስቸገረዎ፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ይለኩ፦ ሲተኙ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ሲነሱ። ይህንን በሳምንቱ ውስጥ በሌላ ሌሊት አንዴ ይድገሙት። ስድስት ስትሪፕ ነው የሚፈጀው፤ ለሐኪሙ ግን ከሠላሳ የተበታተኑ የጠዋት ቁጥሮች ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሲተኙ 210፣ ሌሊት 205፣ ጠዋት 208 ቢሆን፣ ጠዋቱ አልበደለም፤ ስኳሩ ማታውኑ ከፍ ብሎ ነበር። መመልከት ያለብዎት እራቱንና የማታውን መድኃኒት ነው። እንጀራው ስንት ነበር? ድንች ከእንጀራ ጋር ተደርቦ ነበር? ከእራት በኋላ ስኳር የበዛበት ሻይ ተጠጥቷል? እራትን ቀደም ማድረግ፣ እንጀራውን ቀንሶ ጎመኑንና ምስሩን መጨመር፣ ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል በግቢ ውስጥ መንቀሳቀስ ለውጥ ያመጣል።

ሲተኙ 135፣ ሌሊት 138፣ ጠዋት 178 ቢሆን፣ ከላይ የተጠቀሰው የንጋት ክስተት ነው። እራት መቀነስ ብዙ አይፈይድም፤ ስኳሩ የመጣው ከጉበት ነውና። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት ወይም ዓይነት ሊለውጥ ይችላል። ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን በዋናነት የሚሠራው ጉበት የሚለቀውን ስኳር በመቀነስ ስለሆነ የማታው ክኒን መዘለሉን ይመርምሩ፤ ሆድ ያስቸግረኛል ብለው የማታውን የሚተዉ ብዙ ናቸው። ከምግብ ጋር ሲወሰድ ሆድ ላይ ይቀላል።

ሲተኙ 130፣ ሌሊት 58 ቢሆን ግን ጠዋቱን አይጠብቁ፤ እዚያው ያክሙ። ይህ የሚደርሰው በተለይ ማታ ኢንሱሊን በሚወጉና ግሊቤንክላማይድ በሚውጡ ሰዎች ላይ ነው። በላብ ርሶ መንቃት፣ ቅዠት፣ ጠዋት ራስ ምታት ምልክቶቹ ናቸው። ማይክል ሶሞጂ የተባለ የአሜሪካ ተመራማሪ ሌሊት የወረደ ስኳር ጠዋት ተመልሶ ከፍ ይላል የሚል ሐሳብ በ1930ዎቹ አቅርቦ ነበር፤ ስኳርን ሌት ተቀን በሚከታተሉ መሣሪያዎች የተሠሩ ጥናቶች ግን ሌሊት ወርዶ ያደረ ስኳር ብዙ ጊዜ ጠዋትም ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ጠዋት 75 አይቶ “ዛሬ ጎበዝ ነኝ” የሚል ኢንሱሊን ወጊ ሌሊቱን አንድ ጊዜ መለካት አለበት።

ስኳር ከ70 በታች ሲሆን ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርም ይሆናል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ካልተነሣ ይድገሙት፤ ሲስተካከል ቂጣ ወይም እንጀራ ይብሉ። ራሱን ለሳተ ሰው አፍ ውስጥ ፈሳሽ አይጨመርም፤ ታንቆ ሊሞት ይችላል። በጎኑ አስተኝተው ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ። በተቃራኒው ስኳሩ ከ300 በላይ ሆኖ ማስመለስ፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ወይም መደናበር ከታየ ለነገ አይባልም።

ስትሪፕ ሲያጥር

ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድና የተረጋጋ ሰው በየቀኑ ጣቱን መውጋት የለበትም፤ ኢንሱሊን በማይወስዱ ታማሚዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በየቀኑ መለካት የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ መሆኑን አሳይተዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሦስት ተከታታይ ጠዋቶች መለካት፣ መድኃኒት ሲለወጥና ሲታመም ደግሞ ጨመር ማድረግ ይበቃዋል። ኢንሱሊን የሚወጋን ሰው ግን ይህ አይመለከተውም፤ እርሱ ከሐኪሙ ጋር በተስማማው መሠረት አዘውትሮ መለካት አለበት። በቤቱ ሁለት ታማሚ ካለና ስትሪፑ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቅድሚያው ለኢንሱሊን ተጠቃሚው ይሁን።

ጾምም አለ። ወሎ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ግቢ የሚጾሙበት አገር ነው። ለመጾም ያሰበ ሰው ጾሙ ከመግባቱ ከአንድ ወር ከሁለት ወር በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን መስተካከል አለበትና። ጣት ወግቶ ደም መለካት የረመዳንን ጾም እንደማያፈርስ የሃይማኖቱ ሊቃውንት በሰፊው ይስማማሉ። ቀን ላይ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ እንዲፈታ የዘርፉ መመሪያዎች ያዛሉ። በቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ማቃለያ አለ፤ የነፍስ አባትን በግልጽ ማነጋገር ይገባል። ሳይበሉ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ የጠዋቱን ግሊቤንክላማይድ እንደ ወትሮው መዋጥ ግን በማናቸውም ጾም ውስጥ መሆን የለበትም።

የቀጠሮ ቀን

ለባዶ ሆድ ምርመራ ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ መካነ ሰላም ወይም አጅባር ድረስ በእግሩ የሚመጣ ሰው ደሙ የሚቀዳው ከሰዓታት ጉዞ በኋላ ነው። ያ ቁጥር በቤቱ ሲነሳ ከነበረው ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ ከመንገድ በፊት ቤት የተለካውን ጽፎ መያዝ ነገሩን ያቃናል። ለክትትል ሩቅ መንገድ የመጓዝ ችግር በጎንደር በደንብ ተጠንቷል። የጎንደር ሆስፒታል ሐኪሞች፣ ከእነርሱም ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ፣ ከብሪታንያዊው ሐኪም ኤልድሪድ ፓሪና ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የስኳር ክትትሉን በሠለጠኑ ነርሶች አማካይነት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አወረዱት፤ ታማሚውም ሩቅ መንገድ ከመኳተን ተረፈ። እርስዎም ቅርብዎ ያለው ጤና ጣቢያ የስኳር ክትትል ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። እዚያው የጎንደር አካባቢ ሌላም ነገር ታይቷል፦ ቀጭን ሆነው ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ወጣት ታማሚዎች ብዙ ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት ነው ተብለው ክኒን እየዋጡ ኪሎዎ በፍጥነት የሚቀንስ ከሆነና የጠዋቱ ስኳር ከ250 ካልወረደ የሕመሙ ዓይነት ዳግም እንዲታይ በግልጽ ይጠይቁ።

መንገድ በዝናብም በጸጥታም ሊዘጋ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ መድኃኒቱ ያለቀበት ታማሚ ምን እንደደረሰበት የአካባቢው ሰው አይዘነጋውም። የአንድ ወር ትርፍ መድኃኒት ቤት እንዲኖር ከቀጠሮ ቀደም ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ኢንሱሊን ፍሪጅ በሌለበት ቤት በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ በደጋው ደግሞ ውርጭ እንዳያገኘው ሌሊት ከግድግዳ ይራቅ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል።

ለጉዞው መያዝ ያለብዎት ደብተሩን፣ መድኃኒቶቹን ከነማሸጊያቸው፣ የጤና መድን ካርዱን፣ ደም እንደሰጡ የሚበሉትን ስንቅ፣ ለመንገድ ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ነው። ማሽኑንም ይዘው ይሂዱ። ላብራቶሪው ከክንድዎ ደም ሲቀዳ እዚያው በራስዎ ማሽን ከጣትዎ ይለኩና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። ልዩነቱ በመቶ 15 ውስጥ ከሆነ ማሽኑን ይመኑት። ከዚያ ከሰፋ ስትሪፑ የተከፈተበትን ቀን ይዩ፣ ከአዲስ ጠርሙስ በወጣ ስትሪፕ እጅዎን ታጥበው ይድገሙት፤ አሁንም ካልተቀራረበ ነርሷ የቤትዎን ቁጥሮች ስታነብ ልዩነቱን እንድታስብበት ይንገሯት።